የሁለት ቀን ሌሊት

ትኬቱ «ረቡዕ 02:35» ይላል። ወላይታ ውስጥ፣ ቤሌ ላይ ሆኖ ይህን ያነበበ ሰው እንደ ልማዱ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ብሎ ቦሌ ቢገኝ፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ ስድስት ሰዓት ሞልቶታል። ሰዓቱ የፈረንጅ መሆኑን የነገሩት ደግሞ ስድስቱን ሰዓት አስልቶ «ለካ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል ነው» ይልና ረቡዕን ሲሰነባበት ውሎ፣ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወጣል። እሱ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል። ነገሩን በትክክል የሚይዘው የቆየው አነጋገራችን ነው፦ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ። ብልህ የሆነ የትኬት ቢሮ ሠራተኛ እስክሪብቶ አንስቶ ይህንኑ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይጽፍለታል፤ ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል፤ «ማክሰኞ ማታ አራት ሰዓት ላይ እዚያ ሁን፣ ረቡዕ የሚለውን እርሳው» ይለዋል።

እንግዲህ ይህ ሌሊት የማን ነው? በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓል ከዋዜማው ስለሚጀምር ሌሊቱን ለረቡዕ መስጠት ይቻላል። ለገበሬው ቀን የሚባለው ጎህ ሲቀድ የሚጀምረው ስለሆነ ሌሊቱ ገና የማክሰኞ ንብረት ነው። አየር መንገዱ እኩለ ሌሊት ላይ ለሁለት ይከፍለዋል። ከዚህ ክርክር ውጭ ሆኖ የሚያድር ሰው የለም፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተኝተን ስለሚያልፈን አናውቀውም። የሚያውቀው ሊበር የተነሳ ወይም በርሮ የመጣ መንገደኛ ነው። እሱ ማክሰኞ ሳያልቅ ረቡዕ የጀመረበት አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ አንድ ኑሮ ሳያበቃ ሌላው ተጀምሮበታል። በአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ስለሚታደር ሌሊት ማሰብ የጀመርኩት ከዚህ ነው።

ትኬቱ የተነበበባት ቤሌ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚያወርደው፣ ኦሞን ተሻግሮም ወደ ዳውሮ በሚያዘልቀው አቅጣጫ ትገኛለች። የኮይሻን ስም አገር የሰማው ኦሞ ላይ በሚሠራው ግድብ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጊቤ ሦስት 243 ሜትር ቁመት አለው፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው ተነግሮለታል። ይህ ኃይል ከአገሪቱ መረብ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ቦሌ አጠገብ ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ኮሪደራቸውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያበሩ የሚያድሩበት መብራት በከፊል የኦሞ ውኃ ነው ቢባል ስሕተት የለውም። ውኃው ሳይከፍል ያድራል። የውኃው ጎረቤት ግን ስለዚያ አልጋ ዋጋ ለመጠየቅ እንኳ ይፈራል።

ሶዶ በዓለም የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ውስጥ ኤስ ኤክስ ዩ የሚል የሦስት ፊደል መለያ አላት። ዳኮታ የሚባሉት አውሮፕላኖች በየሣር ሜዳው ያርፉ በነበረበት ዘመን የብዙ ትናንሽ ከተሞች ስም በአየር መንገዱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ይታተም ነበር። መለያው እንዳለ ቀረ፤ መንገደኛው ግን በመኪና ይሄዳል። ከቤሌ ሶዶ በሚኒባስ፣ ከሶዶ መናኸሪያ በንጋት አውቶቡስ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ አድርጎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በአየር ጤና በኩል አዲስ አበባ ይገባል። ቦሌ ደግሞ የከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ናት። ጎማ ይፈነዳል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ዝናብ ይወርዳል። በበረራው ዕለት ከቤቱ የሚነሳ ደፋር አይገኝም። እናም ከዚያ አካባቢ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሁሉ አንዲት የአዲስ አበባ ሌሊት አለችበት። የሷን ሒሳብ በትኬቱ ላይ አታገኙትም።

ለመንገደኛ ሌሊት መስጠት በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ጨለማ የያዘው ሰው ከማያውቀው ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይሉታል። ወላይታም ውስጥ እንዲሁ ነው። ጎደሬ በዳጣ ይቀርብለታል፣ በቅመም የፈላ የቡና ቅጠል ይቀዳለታል፣ ከእሳቱ አጠገብ ይነጠፍለታል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? ጎሳህ ማን ይባላል? የወላይታ ጎሳዎች ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ስለሚመደቡ የእንግዳው ጎሳ ከታወቀ ዘንድ ወሬው ይረዝማል፤ በእናት በኩል፣ በአያት በኩል፣ በጋብቻ በኩል እየተባለ አንድ የሚዛመድ ሰው ይገኝለታል። እንግዳው እንግዳነቱ በዚያው ያልቃል።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ብዙ ጊዜ ለመመካት ነው፤ ያስመካልም። ግን ነጻ አልጋ ነበር ስንል አንድ ነገር እንደብቃለን። እንግዳው ይከፍል ነበር፤ የሚከፍለው በታሪኩ ነው። ማን እንደሆነ፣ ምን ፈልጎ እንደወጣ፣ አግኝቶ ወይም አጥቶ እንደሚመለስ ይናገራል። ያልተናገረ ሰው ይፈራል፤ ሌባ ነው ወይም ደም አለበት ይባላል። አስተናጋጁ የሚሰጠው ጣሪያ ነው፤ የሚቀበለው ደግሞ ወሬ፣ ማለትም መንገዱ ላይ የሚያልፈውን ዓለም ማወቅ። ጋዜጣ በሌለበት አገር ይህ ትንሽ ክፍያ አይደለም።

አልጋ በብር መሸጥ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሲመጣም አሳፍሯል። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ በአደባባይ ከፍሎ መብላት ነውር ሆኖ ስለታየ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየበሉና እየከፈሉ ሰዉን እንዳለማመዱት ይተረካል። ታሪኩን ብዙ ጊዜ ስለ ሥልጣኔ አመጣጥ አድርገን እንሰማዋለን። እኔ ግን የመኳንንቱ ሐፍረት ከየት እንደመጣ ይገባኛል ባይ ነኝ። ብር ከፍለህ የበላህበት ቤት ማን እንደሆንክ አያገባውም። ማንነቱ በየሄደበት ሲታወቅለት የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ቢሆን ለውጥ ከማያመጣበት በር ገባ። ያ ለመኳንንት ውርደት ነው። ለሌላ ሰው ግን ዕረፍት ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ያሰበ አይመስለኝም።

ስካይላይት ሆቴል የተመረቀው ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዕለት የቦሌ ተርሚናል ማስፋፊያም ተመርቋል። ባለቤቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ሲጀምር 373 ክፍሎች ነበሩት፤ ሁለተኛው ሕንፃ ሲታከልበት ከ1,000 በላይ ሆኑ። ከተርሚናሉ ብዙም አይርቅም። አየር መንገድ ሆቴል የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከአውሮፓ የሚመጡ በረራዎች አዲስ አበባ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዳንዱ መገናኘት በሰዓታት ይዘገያል። ቀጣዩ በረራ ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚያስጠብቀው፣ ቀደም ያለ አማራጭም ለሌለው መንገደኛ አየር መንገዱ የሆቴል ቫውቸር ይሰጠዋል። እራት አለው፣ ቁርስ አለው፣ የሚያመላልስ መኪና አለው። መንገደኛው አንድ ሳንቲም አያወጣም።

በተርሚናሉ ውስጥም ሌላ ማደሪያ አለ። እዚያ የሚያድረው የኢሚግሬሽንን መስኮት ሳያልፍ ነው። ከሌጎስ ወደ ጓንዡ የሚሄድ ነጋዴ ጫማውን አውልቆ፣ ገላውን ታጥቦ፣ አዲስ አበባ ላይ ስድስት ሰዓት ተኝቶ ይነሳል፤ ኢትዮጵያ ግን አልገባም። በሕግ ዓይን ያ ሌሊት የትም አልነበረም። ይህ የሚያስገርም ነገር ነው፤ የፍልስፍና መምህራን ተማሪዎቻቸውን ግራ ለማጋባት የሚፈጥሩት ምሳሌ ይመስላል። አንድ ሰው በአንድ አገር ምድር ላይ ሕልም ያያል፤ አገሩ ግን አላየውም።

እንዲህ ባለ ሆቴል አንድ ሌሊት አድሬ አውቃለሁ፤ ስሙ ይቅር። ወፍራም መጋረጃ፣ ድርብ መስታወት። አውሮፕላን ሲነሳ ይታያል እንጂ አይሰማም። ጠረጴዛው ላይ በአምስት ቋንቋ የተጻፈ ነገር አለ። ከመግቢያው የቆመችው ልጅ ፓስፖርቴን ተቀብላ፣ አስፈርማ፣ ካርዱን ስትሰጠኝ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ሰዓት ላይ እንቀስቅስዎ?» የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቀችም። ከየት እንደመጣሁ ፓስፖርቱ ላይ ተጽፏል፤ እሷም አላነበበችውም። ሊፍቱ ውስጥ ሳስበው ያ ጥያቄ አስደነገጠኝ። ከመንገደኛ ሊታወቅ የሚገባው ሁሉ ተጨምቆ ተጨምቆ ወደ አንድ ሰዓት ወርዷል። ጎሳዬ አራት ተኩል ነው ብላት የምትጽፈው መሰለኝ።

የሚሄደው ሰው ሌሊት ግን እንዲህ ጭር አይልም። ከቤሌ የመጣው ልጅ ስካይላይትን የሚያየው ከታክሲ መስኮት ነው። የሚያድረው አንድም ገርጂ ወይም ጎሮ በሚኖር የአጎት ልጅ ቤት ወለል ላይ ነው፤ አንድም ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ካሉት ፔንሲዮኖች ባንዱ አልጋ ይይዛል። አንድ አልጋ ተይዞ አራት ሰው ይገባበታል፤ የሚሸኘው ወንድም፣ ከሶዶ አብሮ የመጣ ጓደኛ፣ ከተማ ያለ ዘመድ። ሻንጣው በእጅ ሚዛን ተንጠልጥሎ ሃያ ሦስት ኪሎ አለፈ ይባልና ቡላው ይቀነሳል፤ ቅቤው ይመዘናል፤ ዳጣው በፌስታል ላይ ፌስታል ይደረብበታል፤ ከእናት የመጣ ነውና ዳጣው አይቀነስም። ስልክ አያርፍም። ከቤሌ በስልክ ይጸለያል፤ ድምፁ ተከፍቶ ሁሉም ቆሞ ይሰማል። ማንም አይተኛም። ያ ሌሊት ሰው የበዛበት ስለሆነ ሰውየው ስለ መሄዱ ሳያስብ ይሄዳል። በጎ ነገር ነው እላለሁ። ሊሄድ የተነሳ ሰው ብቻውን እንዲያስብ ቢተውት ምናልባት ብዙው ባልሄደ ነበር።

የሚመለሰው ሰው ሌሊት ሌላ ነው። ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ስለሱ ብዬ ነው።

ከወላይታ፣ ከሐድያ፣ ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ብዙው ወጣት በምድር ነው የሚሄደው፤ በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን እያቆራረጠ። ወራት የፈጀበት አለ፤ እስር ቤት ያየ አለ፤ ጫካ ውስጥ ጓደኛውን ቀብሮ ያለፈ አለ። ጆሐንስበርግ ደርሶ፣ ጄፒ በሚባለው ሰፈር ሠርቶ፣ ወረቀት አግኝቶ የሚመለስበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ ስድስት ሰዓት በማይሞላ በረራ ያልፈዋል። ከላይ ሆኖ በመስኮት ቢመለከት የሄደበትን ጫካ አያየውም፤ ደመና ነው።

በድሮ ጊዜ ቢሆን ይህ ሰው በእግሩ ይመለስ ነበር። ሲራራ ነጋዴውም፣ ከዘመቻ የተመለሰው ወታደርም፣ ከየገዳሙ የዞረው ተማሪም አገሩ እስኪገባ ሌሊት ሌሊቱን በሰው ቤት እያደረ ነው። በመጀመሪያው ቤት ታሪኩን ሲናገር ይርበተበታል፤ የማይነገረውን ይናገራል፣ የሚነገረውን ይረሳል። በአምስተኛው ቤት ይቃናል። በአሥረኛው ቤት የትኛውን ሐዘን መዝለል እንዳለበት፣ የትኛው ቀልድ እንደሚያስቅ ያውቃል። ከገዛ ደጁ ሲደርስ ታሪኩ የሚነገር ሆኗል። እነዚያ «የማን ልጅ ነህ» ባዮች የማያውቃቸው ሰዎች በመሆናቸው በእነሱ ፊት መሳሳት ይችል ነበር። ረጅሙ መንገድ እግር ከማድከሙ ሌላ ይህን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ሰውን ለገዛ ቤተሰቡ ያዘጋጅ ነበር።

አውሮፕላን መንገዱን ሲያሳጥር ይህንንም አብሮ ወሰደው። ሰውየው ትናንት ሱቁን ዘግቶ ወጥቷል፤ ዛሬ እናቱ ታቅፈዋለች። በመካከል የተረፈው ቢኖር ያቺ የቦሌ ሌሊት ናት። ከዚያ ሁሉ የመንገድ ሌሊት አንዷ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ያለ ጠያቂ። ስለዚህ ብዙ ተመላሽ የሚደርስበትን ቀን አሳስቶ እንደሚናገር ስሰማ አይገርመኝም። ሐሙስ እገባለሁ ብሎ ረቡዕ ይገባል። አንድ ክፍል ይይዛል። ይታጠባል። ከመስታወት ፊት ይቆማል። ጸጉሩን ሊቆረጥ ይወጣል፤ ሸሚዝ ይገዛል። ያጣውን ይቆጥራል፣ የቀረውን ይቆጥራል፣ ለማን ምን እንደሚሰጥ በወረቀት ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ያከፋፍላል። ሐሙስ ፊቱን አስተካክሎ ይወጣል። ዘመዶቹ ሲያቅፉት አሁን ከአውሮፕላን የወረደ ይመስላቸዋል።

ይህን ለአንድ የሶዶ ሽማግሌ አንስቼላቸው ተቆጡ። «ጋሼ፣ ደክሞት ይሆናል እኮ» ብል አልተቀበሉኝም። «ከኛ ቤት በላይ የሚያሳርፍ ቤት አለ? ምን ይዘህ መጣህ ያለው ማን ነው? አንድ ቃል አንጠይቀውም ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይጠይቁትም። ግን ዓይናቸው አንድ ጊዜ ወደ ሻንጣው ትሄዳለች፤ እሱም ያያታል። ጎረቤት ይመጣል፤ ጎረቤቱ በዚያው መንገድ ልኮት የቀረበት ልጅ አለው። ያንን አባት ከነጫማህ አቧራ ሆነህ ልታየው አትችልም። በዚህ የምወቅሰው ሰው የለኝም። ፍቅር ራሱ ይጠይቃል፤ አፍ ባይከፈትም ይጠይቃል። የማይጠይቀው የማይወድህ ሰው ብቻ ነው፤ ለዚያ ሌሊት የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው።

ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ከአክሱም ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ በዋሻ ሁለት ዓመት እንደኖረ በሐተታው ይተርካል። (ሐተታው የእሱ ነው ወይስ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ካቶሊክ ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር አሁንም አላበቃም፤ እዚህ ለምፈልገው ነገር ግን ልዩነት አያመጣም።) ሊቃውንት መካከል ሆኖ ያላሰበውን እዚያ አሰበ። ሲወጣ እንፍራዝ ደርሶ ሀብቱ ከሚባል ባለጠጋ ቤት ገባ፤ ሠራ፣ አገባ፣ ወለደ፣ አስተማረ። ዋሻው ቤቱ አልነበረም፤ ሁለት ኑሮ የሚለያይበት ማደሪያ ነበር። ብዙ አንባቢ በዋሻው ውስጥ ብቸኝነትን ያያል። እኔ የማየው ጠያቂ አለመኖሩን ነው። ሃይማኖትህ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ሰው በሚያስገድልበት ዘመን ለራሱ ጥያቄ መጠየቅ የቻለው ሌላ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ ነው። ሁለት ዓመት የፈጀው ሥራ በአንድ ሌሊት ያልቃል አልልም። የሥራው ዓይነት ግን አንድ ነው።

ተቃራኒውንም አይተናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ መንግሥት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ አሥራ አራት ቀን ተለይቶ እንዲቆይ አዘዘ፤ ከተመደቡት ሆቴሎች ስካይላይትና ግዮን ይገኙበታል። ወፍራሙ መጋረጃ ያው ነው፣ ድርቡ መስታወት ያው ነው፣ ምግቡ በሰዓቱ ከበር ይቀመጣል። ግን በሩ ከውጭ የሚጠበቅ ሆነ። ዕረፍት የነበረው እስር ሆነ፤ ከክፍሉ የተለወጠ ዕቃ አንድም የለም። ማንም የማይጠይቅህ ሌሊት መልካም የሚሆነው በማግስቱ የሚጠይቁህ ሰዎች ዘንድ መሄድ ስትችል ነው። የሚጠብቅህ ቤተሰብ ከሌለ ያው ክፍል ጉድጓድ ነው። በየተርሚናሉ ወንበር ላይ ዓመታት የገፉ ስደተኞች በዓለም ላይ አሉ፤ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ግን የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ይህች ሌሊት እጅግ የምታስፈልገው ለማን ነው? ሞልቶለት ለተመለሰው አይደለም፤ እሱ በቀጥታ ቤሌ ቢገባም ከበሮ ይጠብቀዋል። የምታስፈልገው ባዶ እጁን ለተመለሰው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ በአንዳንዱ ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቦሌ ላይ ይወርድ ነበር። ከዚያም ወዲህ በየጊዜው ሌሎች መጥተዋል። ብዙዎቹ ከእስር ቤት በቀጥታ አውሮፕላን የገቡ ናቸው፤ አንዳንዷ ያለ ሻንጣ፣ በባዶ እግሯ። መውረጃው ላይ ካሜራ ቆሟል። ስምሽ ማን ነው? ከየት ክልል ነሽ? ዞን? ወረዳ? ጎሳን የሚተካ የቅጽ ጥያቄ ነው። ከዚያ ጊዜያዊ ማቆያ፣ ጥቂት የመጓጓዣ ገንዘብ፣ አውቶቡስ። ከስንት ዓመት በኋላ ያች ልጅ ሶዶ መናኸሪያ የምትወርደው በደረሰችበት ልብስ ነው። ፊቷን ለማስተካከል አንድ ሌሊት የሰጣት የለም።

ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም። በቀን በሺዎች ሲመጡ የሚታሰበው ዳቦና አውቶቡስ ነው፤ ትክክልም ነው። ታመው ወይም ተጎድተው የሚመለሱ ሴቶችን ተቀብሎ የሚያሳርፍ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያለ የበጎ አድራጎት ማኅበርም አለ። ግን በአገሪቱ ትልቁ ሆቴል ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ቆሞ፣ ለሚያልፈው ነጋዴ ያለ ክፍያ አልጋ በሚዘረጋበት ቦታ፣ ለተመላሿ ያለን ነገር የአውቶቡስ መሳፈሪያ ብቻ መሆኑ ስሌቱ አንድ ቦታ ላይ እንደተሳሳተ ያሳየኛል። ነጋዴው አልጋውን በትኬቱ ውስጥ ከፍሎታል ይባላል። እሷስ አልከፈለችም? ለዓመታት የላከችው ገንዘብ ስንት ቤት ቆርቆሮ አልብሷል፤ ስንት ወንድም አስተምሯል።

ሆቴል ሥሩላቸው አልልም። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮዎችና ተመላሾችን የሚቀበሉ ድርጅቶች ግን ከምዝገባው በፊት አንዲት ሌሊት ቢያስቀድሙ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፦ ንጹሕ አልጋ፣ ሙቅ ውኃ፣ የሚቆለፍ በር፣ እስኪነጋ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት። ቅጹ በማግስቱ ይሞላል፤ ወረዳዋ የትም አይሄድም።

ቤተሰብ ደግሞ ከመንግሥት ይልቅ ቅርብ ነው፤ ይህን የሚያነብ ሰው ቤሌም ይሁን ቦዲቲ፣ አረካም ይሁን ገሱባ፣ የሚጠብቀው ልጅ ሊኖረው ይችላል። ልጃችሁ ደርሻለሁ ብሎ የነገራችሁ ቀን ከትኬቱ ቀን ጋር ባይገጥም አትቁጠሩበት። በር ክፈቱ፣ አብሉት፣ አጠጡት፣ እንደ ደንቡ እቀፉት። ትናንት የት አደርክ ግን አትበሉት።